የሺአረግ ያላለቀሰችበት ቅዳሜ

ስለ እትዬ የሺአረግ የሚያወራ ሰው ሁሉ «ደግ ነበረች» ብሎ ይጀምራል። ደግ ነበረች፤ አልክድም። ግን ደግነቷን ብቻ አውርቶ መሄድ ሴትዮዋን ግማሽ አድርጎ መቅበር ነው። እትዬ የሺ ቂመኛ ነበረች። ቂሟን ዓመታት ይዛ ቆይታ፣ ቀኑ ሲደርስ እጇ ሳይንቀጠቀጥ የተወጣች ሴት ነበረች። እኔም ከደግነቷ ይልቅ የምወድላት ይህንን ነው። ይቅር ባይ ሰው የሚፈልግ ሌላ ታሪክ ይፈልግ።

ናፊሳ እባላለሁ። በደርግ ጊዜ ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በነበረ አንድ ሲኒማ ቤት ትኬት እሸጥ ነበር። ከትኬት መሸጫዋ ቀዳዳ የሚታየኝ የሰው እጅና አገጭ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ማን ከማን ጋር እንደገባ፣ ማን አኩርፎ እንደወጣ ከእኔ የሚያመልጥ አልነበረም። እትዬ የሺ ጎረቤታችን ነበረች። ባሏ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ከመንዝ መጥቶ እዚሁ ድሬ አግብቶ እዚሁ የሞተ። የቀራት አንድ ልጅ፣ በዛብህ ነው። እኔና በዛብህ ያደግነው አንድ ግቢ ነው። የእናቴን ሳምቡሳ ሰርቆ የሚበላው እሱ፣ የምገረፈው እኔ።

በ1970 ዓ.ም. በጠራራ ፀሐይ መጥተው ወሰዱት። የወሰደው ጓድ ክፍሉ ነው። የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ አዛዥ ነበር፤ ሽጉጡን ሰው ሁሉ እንዲያይለት ከሸሚዙ በላይ የሚታጠቅ። ከጥቂት ቀን በኋላ ልጁ ሞቷል ተባለ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። ጓድ ክፍሉ ራሱ ግቢያችን ድረስ መጣና መሐል ላይ ቆሞ ለፈፈ።

«እዚህ ግቢ ድንኳን ባይ፣ ጥቁር የለበሰ ባገኝ፣ የለቅሶ ድምፅ ብሰማ፣ ለአናርኪስት እንዳለቀሰ ነው የምቆጥረው። ተግባብተናል?»

እትዬ የሺ ከበሯ ላይ ቆማ ነበር። ደረቷን አልመታች፣ አልጮኸች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ጓድ፣ የት ነው የቀበራችሁት?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ፍለጋሽን ብታቆሚ ይሻልሻል» ብሏት ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዋ ይኼ ሆነ። በዳቦ ሰልፍ ስታገኘው «ጓድ፣ የት ነው የቀበራችሁት?» በቀበሌ ስብሰባ ሰው ሁሉ እጁን አውጥቶ ስለ መሠረተ ትምህርት ሲናገር፣ የእሷ ተራ ሲደርስ «ጓድ፣ የት ነው የቀበራችሁት?» አንድ ጊዜ አሳስሯታል። ስትፈታ ከእስር ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘችው፤ ያንኑ ጠየቀችው። ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበራትም። ልጁ እንዲነሳ አልጠየቀች፣ እሱ እንዲሰቀል አልጠየቀች። ቦታውን ብቻ ነው። እሱም ቦታውን ያውቅ ነበር፤ ማወቁን ፊቱ ላይ እናየው ነበር። ሳይነግራት በመቅረቱም ደስ ይለው ነበር። ይኼን የምለው በጥላቻ አይደለም፤ እሺ፣ በጥላቻም ነው፤ ግን እውነት ነው።

ለቅሶ ታፍኖ አይቀመጥም። አንዳንዷ ሴት ወጥ እየሠራች በሽንኩርት ታመካኛለች፤ አንዳንዷ ሌላ ሰፈር ሄዳ የማታውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ደረቷን ትደቃለች። እትዬ የሺ ግን ይኼንንም ያንንም አላደረገችም። ክስት ብላ፣ ፊቷ ደርቆ፣ ጥርሷን ነክሳ ከረመች። በመጨረሻ ፈራሁላትና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እጇን ይዤ ሲኒማ ቤት ወሰድኳት።

የዚያን ቀን የሚታየው የጃግዲሽ ባትራ ፊልም ነበር። በዚያ ዘመን ድሬ ላይ ጃግዲሽን የማያውቅ የለም። ሌሎቹ የህንድ አክተሮች ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ከዛፍ ኋላ ተደብቀው ሴት ያባብላሉ። ጃግዲሽ አንድም ቀን ሲዘፍን አይተነው አናውቅም። የሚሠራው ቁም ነገር ብቻ ነው። በአንዱ ፊልም ድርቅ የመታው ገበሬ ሆኖ በሬውን ለሥጋ ነጋዴ ያስረክባል። በሌላው ዳኛ ሆኖ በገዛ ወንድሙ ላይ ይፈርዳል። መልኩ እንኳ መልክ አልነበረም፤ ፊቱ ፈንጣጣ የነካው፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። አንድ ነገር ግን ነበረው። ኀዘኑ ሲመጣ አያለቅስም፤ ጀርባውን ይሰጠናል። በሬውን ሲያስረክብ ዞሮ አጥሩን ያያል። በወንድሙ ላይ ሲፈርድ ዞሮ መስኮቱን ያያል። እኛ የምናየው ጀርባውንና ትከሻውን ብቻ ነው። ፊቱን ስለማናየው እያንዳንዳችን የራሳችንን ፊት እናስቀምጥበት ነበር መሰለኝ። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ሆ ብሎ ያለቅሳል።

ቋንቋውን የሚነግረን ዒጋል ነበር። ዒጋል ወጣትነቱን የመን፣ ኤደን ወደብ ከህንድ ነጋዴዎች ጋር የሠራ ሶማሌ ሽማግሌ ነው። ከፊት ወንበር ይቀመጥና ፊልሙን አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ እየቀላቀለ በትልቅ ድምፅ ይተረጉምልናል። «ዋሪያ ዝም በሉ! ሰውየው በሬውን ሊሰጥ ነው! አቦ ልጆቹ ተርበዋል፣ ምን ያድርግ?» ይላል። ጃግዲሽ ሲዞር ግን ዒጋል አፉን ይዘጋል። የእኛ ተራ እንደሆነ ያውቃል።

እትዬ የሺ ያን ቀን ጃግዲሽ በሬውን አስረክቦ ጀርባውን ሲሰጠን፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ጉልበቷ ላይ ተደፍታ፣ «በዛብህ፣ በዛብህ» እያለች አለቀሰች። ለበሬ የምታለቅስ ሴት ማን ያስራል? ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ብቻዋን አልመጣችም። ልጃቸው የተወሰደባቸውን፣ ባላቸው የቀረባቸውን ሴቶች ሁሉ ይዛ መጣች። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ከለገሃሬም ከመጋላም መጡ። ትኬት ሲገዙ ከቀዳዳዬ ጎንበስ ብለው «ናፊሳ፣ ዛሬ ሰው ይሞታል?» ይሉኛል። «ይሞታል» ካልኩ ይገባሉ። አስቂኝ ፊልም ከሆነ ተራግመው ይመለሳሉ። የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ የድሬ ሴት ለቁም ነገር ፊልም ያላት ፍቅር ይገርመው ነበር፤ ሞኝ ሰው ነው።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። በ1979 ዓ.ም. የጃግዲሽ አዲስ ፊልም መጣ። ባላባት የሚያወግዝ ስለሆነ ሳንሱር አልነካውም፤ እንዲያውም የፓርቲ አባላት ሄደው እንዲያዩት ተብሎ በስብሰባ ተነገረ። በዚህኛው ጃግዲሽ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ወንዙ ውሃ ያለበት ወንዝ ነው፣ እንደኛ ደቻቱ አሸዋ አይደለም። ተማሪ ልጁን የባላባቱ ሰዎች ይገድሉትና ሬሳውን ይደብቃሉ። አባት ከመንደር መንደር እየዞረ ይፈልገዋል። በመጨረሻ አንድ ከብት ጠባቂ ቦታውን ያሳየዋል። ጃግዲሽ ጫማውን ያወልቃል፣ አፈሩ ላይ ይቀመጣል፣ ጀርባውን ይሰጠናል። ፊልም አንሺው እዚያ ላይ ቆመ፤ አይቸኩልም፣ ሙዚቃ የለም። ያ ትከሻ ብቻ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አዳራሹ ተቀደደ ማለት ይቻላል። ድምፁ ውጭ ድረስ ይሰማል። እኔ ትኬቱን ዘግቼ ከኋላ ቆሜ ነበር። እትዬ የሺ ግን አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ዓይኗን ከጃግዲሽ ጀርባ ላይ ሳትነቅል «እሱስ አገኘ» አለች። ቀናችበት። በአንድ የፊልም ሰው ቀናች። መቃብር ላይ መቀመጥ ለእሷ ከሀብት በላይ የሆነ ነገር ነው።

እየቀናች እያለ ከፊቷ ካለው ወንበር አንድ የወንድ ሳግ ሰማች። ጎንበስ ብላ አየች። ጓድ ክፍሉ ነው። ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ፣ በሴቶቹ ጩኸት ተሸፍኖ፣ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል።

ምክንያቱን ድሬ ሁሉ ያውቅ ነበር። ልጁ ገብረ መድኅን ሰሜን ግንባር ሞቷል። አብሮት የዘመተ አንድ ቁስለኛ ተመልሶ ለሰው ነገረ፤ ሰው ለሰው ነገረ። መንግሥት ግን ሞተ አላለም፤ «በግዳጅ ላይ ነው» ነው የሚባለው። የፓርቲ አባል ደግሞ በግዳጅ ላይ ላለ ልጅ ድንኳን አይተክልም። ለሌላው የቆረጠውን ልብስ አለበሱት፤ ልኩ ሆነለት።

ሌላ ሴት ብትሆን «ይኸውና፣ እሱንም አገኘው» ብላ ልቧ ይራራ ነበር። አንዳንዶቹ ራሩ፤ እናቴ ራሷ «ምስኪን» ስትል ሰምቼ ሁለት ቀን አኮረፍኳት። እትዬ የሺ ከሲኒማ ቤቱ ስትወጣ ፊቷ በርበሬ መስሎ ነበር።

«ናፊ፣ አየሽው?»

«አየሁት።»

«በእኛ ለቅሶ ተሸፍኖ ነው የሚያለቅሰው። ልጃችንን ወሰደ፣ እንባችንን ከለከለ፣ አሁን ደግሞ የደበቅናትን አንዲት ለቅሶ መጥቶ ይጋራናል! አያገኛትም። በበዛብህ እምላለሁ፣ አያገኛትም።»

«እንዳይገባ መከልከል አልችልም እኮ፣ እትዬ የሺ። የፓርቲ ሰው ነው።»

«ይግባ እንጂ» አለች። «ትኬቱን በደንብ ቁረጪለት። መሐል ላይ አስቀምጪው።»

ፊልሙ ሌላ አንድ ቅዳሜ ታይቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ነበር። በዚያ ሳምንት እትዬ የሺ ቤት ለቤት ዞረች። ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ እኔ ድርሻዬን ብቻ ነው የማውቀው። ቅዳሜ ሲደርስ ትኬት ለገዛች ሴት ሁሉ በቀዳዳው «ዛሬ አይለቀስም» አልኳት። አንዷም ለምን አላለችም። ፋዱማ የምትባል፣ ሁለት ወንድሞቿ የቀሩባት ሴት ብቻ «ካመለጠኝስ?» አለችኝ። «ነጠላሽን ንከሺ» አልኳት። ዒጋልንም ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ወላሂ፣ ይኼ ከባድ ነው» አለ። ከባድ ነው እንጂ እምቢ አላለም።

ጓድ ክፍሉ ከአራት ጓዶቹ ጋር መጣ። እጁን በቀዳዳዬ ሲያስገባ አየሁት፤ ያ በዛብህን ክንዱን ጠምዝዞ የወሰደ እጅ ነው። መሐል ላይ ያለውን ወንበር ቆረጥኩለት። ከኋላው እትዬ የሺ ተቀመጠች። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል።

ፊልሙ ሄደ። ልጁ ሞተ። አባት ዞረ። ዒጋል ሲተረጉም ድምፁ ይሰባበራል። ከብት ጠባቂው ቦታውን አሳየ። ጃግዲሽ ጫማውን አወለቀ፣ ተቀመጠ፣ ዞረ። ዒጋል ዝም አለ።

አዳራሹም ዝም አለ።

እንደዚያ ያለ ዝምታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም። የማሽኑ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ያን ሁሉ ሴት አየሁ፤ ነጠላቸውን የነከሱ፣ የወንበራቸውን እጀታ የጨበጡ፣ ዓይናቸውን የጨፈኑ። እትዬ የሺ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። እሷ ለጃግዲሽ ጀርባ የምትለውን፣ ለልጇ የምትለውን ሁሉ ዋጠችው። በሳምንት አንድ ጊዜ የምትተነፍስባትን ቀዳዳ በገዛ እጇ ደፈነች። ያን ቀን ምን ያህል እንደጠላችው የገባኝ በዚህ ነው።

ጓድ ክፍሉ የሴቶቹ ድምፅ ይመጣል ብሎ ሳጉን ለቀቀው። አልመጣለትም። ድምፁ ብቻውን ወጣ። «ህእ» የሚል፣ የተሰበረ፣ አስቀያሚ ድምፅ ነው። ሊይዘው ሞከረ፤ አልያዝ አለው። ሁለተኛው ወጣ፣ ሦስተኛው ወጣ። ከጎኑ ያሉት ጓዶቹ ዞረው አዩት፤ አንዱ ወንበሩን ራቅ አደረገ። እኛ አልዞርንም። ማንም አልዞረም። ሰው ሞቶበት አጠገቡ ማንም ሳያለቅስለት ብቻውን ሲያለቅስ ምን እንደሚመስል አሰማነው፤ ጠግቦ ሰማ። እኔ ደስ አለኝ። ወላሂ ደስ አለኝ፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

መብራት ሲበራ ጓዶቹ ሳያናግሩት ቀድመው ወጡ። እሱ በሩ ጋ ከእኔ መስኮት አጠገብ ቆመ፤ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዟል። ሴቶቹ አንድ በአንድ በፊቱ አለፉ። ኀዘን የደረሰበትን ሰው «እግዜር ያጥናህ» ሳይሉ ማለፍ በእኛ አገር ለጠላትም አይደረግም። ተደረገ። ፋዱማ አለፈች፣ ከኋላዋ ያለችው አለፈች፣ ሁሉም አለፉ። መጨረሻ ላይ እትዬ የሺ መጣች።

«እትዬ የሺ» አለ። ከዚያ በፊት «አንቺ ሴትዮ» እንጂ ስሟን ጠርቶት አያውቅም። «ልጄ ሞተ። ሰምተዋል አይደል? ማንም ምንም ያለኝ የለም። ቤት ባለቤቴ ግድግዳ እያየች ተቀምጣለች። አንድ ቃል ብቻ... ያጥናህ ይበሉኝ።»

እትዬ የሺ ቆመች። እንደ ሁልጊዜዋ ጠየቀችው።

«የት ነው የቀበራችሁት?»

በግራና በቀኝ ተመለከተ። ከዚያ ነገራት።

«ሳቢያን። ከብሎኬት ማምረቻው ኋላ፣ ደረቁ ወንዝ ሲታጠፍ፣ ትልቁ ቁርቁራ ሥር። ከሁለት ልጆች ጋር ነው። እሱ በዛፉ በኩል ነው ያለው። ሰማያዊ ሹራቡን አልገፈፍነውም። ቆሜ ያስቀበርኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ የሺ፤ አልተሳሳትኩም።»

ሹራቡን የሠራችለት ራሷ ናት። ነጠላዋን ሰበሰበችና መንገዷን ቀጠለች።

«እትዬ የሺ!» አለ ከኋላዋ። «እኔስ?»

ሳትዞር፣ «አንተማ ጠብቅ» አለችው። «እኔም ጠብቄያለሁ።»

መስኮቴን እንኳ ሳልቆልፍ ተከተልኳት። ባለጋሪውን ዓብዲን ጠራንና ወጣን። ሳቢያን ያኔ ሜዳ ነበር፤ ቤት የለበትም፣ አቧራና ፍየል ብቻ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ብሎኬት ማምረቻውን አለፍን፣ ወንዙ ይታጠፋል፣ ቁርቁራው አለ። አልዋሸም። ሦስት ቦታ አፈሩ ጎድጎድ ብሏል። እትዬ የሺ በዛፉ በኩል ወዳለው ሄደች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ኀዘንተኛ እንደሚለብሰው። ከዚያ ተቀመጠችና በሙሉ ድምፅ፣ ተከልክሎ በነበረው ድምፅ ሁሉ፣ ልጇን አለቀሰችው። «የኔ ባቡር፣ የኔ ፉጨት፣ በዛብህ ሆይ!» እያለች ደረቷን መታች። እኔም አለቀስኩ። ዓብዲ ከጋሪው ወርዶ ቆቡን አውልቆ፣ እጁን ዘርግቶ በራሱ ጸሎት ፋቲሃ ቀራለት። ፍየሎቹ ዝም ብለው ይበላሉ። አይለቀስም የሚል ማንም አልነበረም።

ስንመለስ ሊመሽ ነበር። ከሳቢያን መውጫ፣ መንገዱ ዳር፣ ጓድ ክፍሉ ቆሟል። በእግሩ ነው የተከተለን፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ሆኗል። የለቅሶዋን ድምፅ ሰምቶታል፣ መጠጋት አልደፈረም። ጋሪው ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ። እትዬ የሺን ብቻ ያያል፤ ቃሏን ይጠብቃል።

ዓብዲ ልጓሙን ያዝ አደረገና ወደ ኋላ ዞረ።

«ላቁም እንዴ፣ እማማ?»

እትዬ የሺ ያበጠ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ንዳ» አለች።